የኮንቲነም መላምት፦ «አይረጋገጥም» ማለት «እውነትም ሐሰትም አይደለም» ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና የስብስብ ንድፈ ሐሳብ አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎንም የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የኮንቲነም መላምትን አረጋግጫለሁ ብሎ ጽሑፍ ሰጥቶኛል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከቁጥር መስመር ላይ የተወሰደ እልቆ ቢስ ስብስብ በውስጡ አንድ ቁራጭ መስመር ካለ ብዛቱ የመስመሩን ሁሉ ያህል ነው፤ ከሌለ ነጥቦቹ የተነጣጠሉ ስለሆኑ ይቆጠራሉ፤ ሦስተኛ አማራጭ የለም። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ይህ መላምት እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ የሒሳብ እውነት የምርጫ ጉዳይ መሆኑን ጎደል አሳይቷል› ይላል። ለተማሪዬ ምን ልመልስለት? ባልደረባዬስ ልክ ነው? እኔስ በጽሑፌ ውስጥ መላምቱን እንደ አክሲዮም ብጠቀምበት ያስነቅፈኛል? የምርጫ አክሲዮምም እኮ ከሌሎቹ አክሲዮሞች የማይረጋገጥ ሆኖ ሳለ ሁሉም ይጠቀምበታል።»

ምላሽ፦ የተማሪዎ ማረጋገጫ ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱም በአንድ ምሳሌ ይጋለጣል። ባልደረባዎ ከትክክለኛ ውጤት ተነሥተው ከዚያ ውጤት የማይከተል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። እርስዎ መላምቱን መጠቀም ይችላሉ፤ የሚጠቀሙበት ግን በዝምታ እንደ ታለፈ አክሲዮም ሳይሆን በቲዎረሙ አንቀጽ ውስጥ በግልጽ እንደ ተጻፈ ቅድመ ሁኔታ መሆን አለበት። በሦስቱም ጥያቄዎች ሥር ያለው ግራ መጋባት አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ አባባል እውነት መሆኑ፣ ከተወሰኑ አክሲዮሞች (ያለ ማረጋገጫ ከምንቀበላቸው መነሻ አባባሎች) መረጋገጡ እና ከእነዚያ አክሲዮሞች ጋር አለመጣረሱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ እንደ አንድ ተወስደዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ መላምቱ የሚለውን በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለት ስብስቦች እኩል ብዛት አላቸው የምንለው የአንዱን አባላት ከሌላው አባላት ጋር፣ ከሁለቱም ወገን አንድም ሳይተርፍ፣ አንድ ለአንድ ማዛመድ ሲቻል ነው። ፒያሳ የተሰለፉት ተሳፋሪዎች ሁሉ ታክሲው ውስጥ ገብተው ቆሞ የቀረ ሰው ከሌለ፣ ባዶ ወንበርም ካልተረፈ፣ ሰዎቹና ወንበሮቹ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ሁለቱንም መቁጠር አያሻም። ጌዎርግ ካንቶር ይህንኑ መለኪያ እልቆ ቢስ በሆኑ ስብስቦች ላይ አዋለውና በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ ሪል ቁጥሮች፣ ማለትም የቁጥር መስመር ነጥቦች ሁሉ፣ ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ጋር በምንም ዘዴ አንድ ለአንድ ሊዛመዱ እንደማይችሉ አረጋገጠ። ንጥጥር ቁጥሮች (የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆነው የሚጻፉት) ግን፣ በመስመሩ ላይ የቱንም ያህል ተጠጋግተው ቢሰፍሩ፣ ይዛመዳሉ፤ ስለዚህም ተቆጣሪ እንላቸዋለን። በ1878 ደግሞ ካንቶር መላምቱን አቀረበ፦ ከቁጥር መስመር ላይ የሚወሰድ ማንኛውም እልቆ ቢስ ስብስብ ወይ ተቆጣሪ ነው፣ ወይ የመስመሩን ሁሉ ያህል ብዛት አለው፤ በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ብዛት የለም። ዴቪድ ሂልበርት በ1900 በፓሪስ ለመጪው ክፍለ ዘመን የሚተላለፉትን ችግሮች ሲዘረዝር በአንደኛ ተራ ቁጥር ያሰፈረው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ በማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት ልጠቁም። የተቆጣሪ ስብስቦች ብዛት አሌፍ-0 ይባላል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ብዛት አሌፍ-1፣ ከዚያ አሌፍ-2 እያለ ይቀጥላል። «የሪል ቁጥሮች ብዛት አሌፍ-1 ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር የአሌፍ-1 ትርጓሜም አይደለም፣ የተረጋገጠ ቲዎረምም አይደለም፤ የኮንቲነም መላምት ራሱ ነው። ይህንን እንደ ትርጓሜ የተማረ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ነገር ሁሉ ትርጉም አይሰጠውም፤ ስለዚህ የኮሌጅዎ ማስተማሪያ እንዲህ የሚል ከሆነ ተማሪዎቹ ከመጠየቃቸው በፊት ያርሙት።

ወደ ተማሪዎ ጽሑፍ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፦ ቁራጭ መስመር የያዘ ስብስብ በእርግጥ የመስመሩን ሁሉ ያህል ብዛት አለው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ይወድቃል። ኢ-ንጥጥር ቁጥሮችን ብቻ የያዘውን ስብስብ ይውሰዱ። በየትኛውም ቁራጭ መስመር ውስጥ ንጥጥር ቁጥር ስለሚገኝ ይህ ስብስብ በውስጡ አንድም ቁራጭ መስመር የለውም፤ ሆኖም ተቆጣሪ ቢሆን ኖሮ፣ ንጥጥር ቁጥሮችም ተቆጣሪ ስለሆኑ፣ ሁለቱ ተደምረው መስመሩን ሁሉ ተቆጣሪ ያደርጉት ነበር፤ ካንቶር ደግሞ ይህ እንደማይሆን አረጋግጧል። ከዚህም የሚብስ ምሳሌ አለ። ከ0 እስከ 1 ካለው ቁራጭ መስመር መካከለኛውን ሲሶ ቆርጠው ያውጡ፤ ከቀሩት ሁለት ቁራጮች የእያንዳንዱን መካከለኛ ሲሶ እንዲሁ ያውጡ፤ ይህንንም ያለ ማቋረጥ ይቀጥሉ። በመጨረሻ የሚቀረው የካንቶር ስብስብ ጠቅላላ ርዝመቱ 0 ነው፤ ቁራጭ መስመር ቀርቶ አንዳች ርዝመት ያለው ነገር በውስጡ የለም። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚተርፍ ነጥብ በየደረጃው «ወደ ግራ» ወይም «ወደ ቀኝ» የሚል ምርጫ እልቆ ቢስ ጊዜ በመከተል የሚደረስበት በመሆኑ፣ የእነዚህ የምርጫ ቅደም ተከተሎች ብዛትም የመስመሩን ሁሉ ያህል በመሆኑ፣ የካንቶር ስብስብ ከመስመሩ ጋር እኩል ነው። ተማሪዎ «ቁራጭ መስመር አለመያዝ» እና «የተነጣጠሉ ነጥቦች መሆን» አንድ ናቸው ብሎ አስቧል፤ አይደሉም።

ጽሑፉን ግን በቀይ ብዕር ሰርዘው ብቻ እንዲመልሱለት አልፈልግም፤ ሐሳቡ አንድ እርምጃ ቢስተካከል ወደ እውነተኛ ሒሳብ ይገባልና። «ቁራጭ መስመር» የሚለውን አውጥቶ በምትኩ «እንደ ካንቶር ስብስብ ሁለት ሁለት እየሆነ የሚከፈል ዝግ ስብስብ» የሚለውን ያስገባ። ዝግ ስብስብ የሚባለው የነጥቦቹ ተከታታይ ወደ አንድ ነጥብ በተጠጋ ቁጥር ያንን ነጥብ ራሱን የሚይዝ ነው። አሁን ተቆጣሪ ያልሆነ ዝግ ስብስብ ተሰጥቶናል እንበል። በአካባቢያቸው ከስብስቡ ተቆጣሪ ነጥቦች ብቻ የሚገኙባቸውን ነጥቦች ሁሉ ብንጥላቸው የምንጥለው በአጠቃላይ ተቆጣሪ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህን አካባቢዎች ጫፎቻቸው ንጥጥር ቁጥር በሆኑ ክፍተቶች መሸፈን ይቻላል፣ እንዲህ ያሉ ክፍተቶችም ተቆጣሪ ናቸው። ስለዚህ የሚቀር ነገር አለ፤ በሚቀረውም ውስጥ ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ሌሎች ነጥቦች አሉ። እንግዲህ ሁለት ነጥቦች መርጦ በተራራቁ ትንንሽ ክፍተቶች መክበብ፣ በእያንዳንዱ ክፍተት ውስጥ እንደገና ሁለት መምረጥ፣ ያለ ማቋረጥ እንዲህ መውረድ ይቻላል፤ ስብስቡም ዝግ ስለሆነ በእያንዳንዱ የግራና የቀኝ መንገድ መጨረሻ ላይ የስብስቡ የሆነ ነጥብ ይገኛል። ስለዚህ ዝግ ስብስብ ሁሉ ወይ ተቆጣሪ ነው ወይ የመስመሩን ያህል ነው። ይህ የካንቶርና የቤንዲክሰን የ1883 ውጤት ነው። በ1916 አሌክሳንድሮፍና ሃውስዶርፍ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ ከክፍተቶች ተነሥተን በመደመርና በመቀነስ ደረጃ በደረጃ ለምንሠራቸው የቦሬል ስብስቦች ሁሉ አረጋገጡት፤ ሱስሊን ደግሞ ወዲያው የቦሬል ስብስቦች ጥላ ወደሆኑት አናሊቲክ ስብስቦች አሻገረው።

ይህ ለተማሪዎ መነገር ያለበት ትልቅ ቁም ነገር ነው፦ በቀመር ጽፎ ወይም በሥዕል ነድፎ የሚያመጣው ማንኛውም ተራ ስብስብ መላምቱን አያፈርስም፤ ይህ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ መንገዱ እስከ መጨረሻ አያደርስም። በ1908 ፌሊክስ በርንሽታይን በምርጫ አክሲዮም (ባዶ ያልሆኑ ስብስቦች የቱንም ያህል ቢሆኑ ከእያንዳንዳቸው አንድ አባል መምረጥ ይቻላል በሚለው) አማካይነት አንድ ስብስብ ሠራ፤ ይህ ስብስብም ሆነ ከእርሱ ውጭ የሚቀረው የመስመሩ ክፍል ሁለት ሁለት እየሆነ የሚከፈል ዝግ ስብስብ በውስጣቸው የላቸውም። የበርንሽታይን ስብስብ ራሱ የመስመሩን ያህል ብዛት አለውና መላምቱን አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው የማረጋገጫውን ዘዴ ነው። ማንኛውንም ስብስብ በዚህ መንገድ ለመያዝ የሚሞክር ጽሑፍ፣ የተማሪዎም ይሁን የሌላ፣ የበርንሽታይን ስብስብ ላይ ሲደርስ የሚንሸራተትበትን መስመር ፈልገው ያገኙታል።

የማረጋገጥ ሙከራው እንዴት ተዘጋ? ዛሬ የሒሳብ ማዕቀፍ ሆነው የሚያገለግሉት የዘርሜሎና የፍራንከል አክሲዮሞች ናቸው፤ የምርጫ አክሲዮም ሲጨመርባቸው ዜድ-ኤፍ-ሲ ይባላሉ። ኩርት ጎደል በ1938 እነዚህ አክሲዮሞች የሚሠሩበት ኤል የተሰኘ ጠባብ የስብስቦች ዓለም አቀረበ። በኤል ውስጥ ስብስቦች የሚገነቡት ደረጃ በደረጃ ነው፤ በየደረጃው የሚፈቀደው ከዚያ በፊት በተገነቡት ላይ ተመሥርቶ በቀመር ሊገለጽ የሚችለው ብቻ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ ያለ ማንኛውም ሪል ቁጥር ከተቆጣሪ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይወለዳል፤ ተቆጣሪ ደረጃዎቹ አሌፍ-1 ናቸው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የሚወለደውም ተቆጣሪ ነው፤ ስለዚህ ሪል ቁጥሮቹ ከአሌፍ-1 አይበልጡም፣ መላምቱም በኤል ውስጥ እውነት ነው። ከዚህ የሚከተለው አክሲዮሞቹ እርስ በርሳቸው የማይጣረሱ ከሆነ መላምቱን ከእነርሱ ተነሥቶ ሐሰት ነው ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም የሚለው ነው። መላምቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

ሌላው ግማሽ 25 ዓመት ፈጅቷል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ በተመሠረተበት በ1963 የ29 ዓመቱ ፖል ኮኸን ፎርሲንግ የተባለውን ዘዴ አገኘ። ጎደል ዓለሙን ሲያጠብብ ኮኸን አሰፋው፦ አንድ ተቆጣሪ ሞዴል፣ ማለትም አክሲዮሞቹ የሚሠሩበት የስብስቦች ዓለም፣ ወስዶ፣ ቀድሞ በውስጡ ያልነበሩ አሌፍ-2 የሚያህሉ አዳዲስ ሪል ቁጥሮችን ጨመረበት። ጭማሪው ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም፤ አስቸጋሪው ሁለት ነገር አብሮ ማስጠበቁ ነው። አንደኛ አክሲዮሞቹ ከጭማሪው በኋላም መሥራት አለባቸው። ሁለተኛ አዲሶቹ ስብስቦች የድሮውን አሌፍ-2 ወደ ዝቅተኛ ብዛት የሚያወርድ አዲስ ማዛመጃ ይዘው እንዳይገቡ መከልከል አለበት፤ አለዚያ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ኮኸን አዳዲሶቹን ቁጥሮች የገለጻቸው እያንዳንዳቸው ስለ ውስን አሃዞች ብቻ በሚናገሩ ከፊል መረጃዎች ነው፤ እነዚህ መረጃዎች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሆነው ሊሰበሰቡ የሚችሉት ቢበዛ ተቆጣሪ በሆነ መጠን በመሆኑ ብዛቶቹ ቦታቸውን አይለቁም። በዚህ በሰፋው ሞዴል ውስጥ መላምቱ ሐሰት ነው። እንግዲህ ዜድ-ኤፍ-ሲ፣ የማይጣረስ ከሆነ፣ መላምቱን አያረጋግጥም፣ አያፈርሰውምም። «የማይጣረስ ከሆነ» የሚለውን ሐረግ ሰው እየረሳ ይጥለዋል፤ እርስዎ እንዳይጥሉት። ኮኸን ለዚህ ሥራ በ1966 የፊልድስ ሜዳልያ ተቀብሏል።

በዚህ ውጤት ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመስመሩ ብዛት በሞዴል ምርጫ አሌፍ-1፣ አሌፍ-2 ወይም አሌፍ-17 ሊሆን መቻሉ «ምንም ሊሆን ይችላል» ማለት አይደለም፤ አሌፍ-0፣ አሌፍ-1፣ አሌፍ-2 እያለ የሚወጣው ሰንሰለት ጣሪያ የሆነው አሌፍ-ኦሜጋ ሊሆን እንደማይችል ከኬኒግ ቲዎረም ይከተላል፤ ይህም በዜድ-ኤፍ-ሲ ውስጥ የተረጋገጠ ነው። በተጨማሪም ፎርሲንግ የሚያሳየው ማረጋገጫ እንደሌለ ነው እንጂ በሞዴሉ ውስጥ ያለው ብዛት «እውነተኛው» ብዛት መሆኑን አይደለም።

አሁን ወደ ባልደረባዎ። «እውነትም ሐሰትም አይደለም» የሚለው ድምዳሜ ከጎደልና ከኮኸን ውጤቶች አይከተልም። እነዚያ ውጤቶች የሚናገሩት ስለ አንድ የአክሲዮም ዝርዝር አቅም ነው። ዝርዝሩ አንድን ጥያቄ ለመወሰን ስላነሰ ጥያቄው መልስ የለውም ለማለት ተጨማሪ ሐሳብ፣ ማለትም «እውነት ማለት ከዜድ-ኤፍ-ሲ መረጋገጥ ማለት ነው» የሚል የፍልስፍና አቋም ያስፈልጋል፤ ይህን አቋም ጎደል ራሱ አጥብቆ ይቃወመው ነበር። በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ መላምቱ የተወሰነ መልስ እንዳለው፣ መልሱም ምናልባት «ሐሰት» እንደሆነ፣ እስካሁን ያሉት አክሲዮሞች ግን ያልተሟሉ በመሆናቸው አዳዲስ አክሲዮሞች መፈለግ እንዳለባቸው ተከራክሯል። ባልደረባዎ ለአቋማቸው ምስክር አድርገው የጠሩት ሰው በተቃራኒው ወገን የቆመ ነው።

የዩክሊድን የትይዩ መስመሮች አክሲዮም በምሳሌነት ማንሣት የተለመደ ነው፤ ያም ከሌሎቹ አክሲዮሞች አይረጋገጥም፣ ጂኦሜትሪዎቹም ሁለት ዓይነት ሆኑ፣ ስለዚህ የስብስብ ንድፈ ሐሳብም ሁለት ዓይነት ይሁን ይባላል። ንጽጽሩ ያነክሳል። ዘርሜሎ በ1930 እንዳሳየው፣ አክሲዮሞቹ ውስጥ «ማንኛውም ንዑስ ስብስብ» የሚለው አነጋገር ሙሉ ትርጉሙን ይዞ ከተወሰደ፣ የሚያሟሏቸው ዓለሞች በቁመት ይለያዩ እንጂ በግርጌያቸው አንድ ናቸው፤ የኮንቲነም ጥያቄ ደግሞ የሚወሰነው እዚያው ግርጌ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ አረዳድ ሁሉም ዓለሞች ስለ መላምቱ አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ፤ የትኛውን እንደሆነ አለማወቃችን ሌላ ነገር ነው። የትይዩ መስመሮች አክሲዮም ግን እንዲህ በተጠናከረ አነጋገርም ቢሆን ከሌሎቹ አክሲዮሞች አይወሰንም። ተጠራጣሪው ወገን ለዚህ መልስ አለው፤ «ማንኛውም ንዑስ ስብስብ» የሚለው አነጋገር ራሱ ጥርት ያለ ትርጉም አለው ወይ የሚለው ነው የተነሣው ጥያቄ ይላል። ሰሎሞን ፌፈርማን በዚህ ምክንያት መላምቱ የተወሰነ የሒሳብ ችግር አይደለም ብሎ ተከራክሯል፤ ሃምኪንስ ደግሞ ብዙ የስብስብ ዓለሞች በእኩልነት አሉ፣ መልሱም መላምቱ በእነርሱ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ የምናውቀው ነው ይላል። የጎደል ተስፋ በከፊል ደብዝዟል፤ ሌቪና ሶሎቬይ በ1967 ታላላቅ ካርዲናሎች የሚባሉት፣ እጅግ ግዙፍ ብዛቶች አሉ የሚሉ አክሲዮሞች መላምቱን እንደማይወስኑ አሳይተዋል። ሂዩ ዉዲን በአንድ ወቅት መላምቱን በመቃወም ጠንካራ ክርክር ካቀረበ በኋላ፣ በኋለኛ ሥራው ወደ ተቃራኒው የሚያመራ መርሐ ግብር ይዟል። በ2021 የታተመው የአስፔሮና የሽንድለር ቲዎረም ደግሞ የመስመሩን ብዛት አሌፍ-2 የሚያደርጉ ሁለት ተፎካካሪ አክሲዮሞችን አገናኝቷል። ክርክሩ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ባልደረባዎ ከወገኖቹ የአንዱን አቋም መያዝ መብታቸው ነው፣ እንደ ተረጋገጠ ቲዎረም ለተማሪ ማስተማር ግን አይችሉም።

ጎደል አሳይቷል የተባለው ነገርም መታረም አለበት። የ1931 ያለመሟላት ቲዎረም የሚለው፣ ለቁጥር ስሌት የሚበቃ፣ የማይጣረስና አክሲዮሞቹ በሜካኒካዊ መንገድ ሊዘረዘሩ የሚችሉ ማንኛውም ሥርዓት የማይወስነው ዐረፍተ ነገር ይኖረዋል ነው፤ አክሲዮም ቢጨመርም ሌላ የማይወሰን ዐረፍተ ነገር ይፈጠራል። የኮንቲነም መላምት የዚህ ቲዎረም ውጤት አይደለም፤ ነጻነቱ፣ ማለትም ከአክሲዮሞቹ አለመረጋገጡና አለመፍረሱ፣ የተገኘው ፈጽሞ በሌላ ዘዴ ነው፣ «ስብስብ ሁሉ ተገንቢ ነው» (ማለትም በኤል ውስጥ ይገኛል) የሚለው አንድ አክሲዮም ቢጨመርም ጥያቄው ይዘጋል። ጎደል በዚያ ቲዎረም የሠራው የማይወሰን ዐረፍተ ነገር፣ ሥርዓቱ የማይጣረስ መሆኑን ከተቀበልን፣ እውነት መሆኑን እናውቃለን፤ ስለ መላምቱ እንዲህ ያለ ዕውቀት የለንም። በክፍል ውስጥ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ባያነሧቸው ይሻላል።

ከሁሉ በላይ «የሒሳብ እውነት የምርጫ ጉዳይ ነው» ለሚለው አጠቃላይ አባባል መፍረሻ የሚሆን ጠንካራ ቲዎረም አለ፤ ከሚገባው በታች ይነገራል። ስለ ሙሉ ቁጥሮች የሚናገር ማንኛውም ዐረፍተ ነገር፣ ስለ ዋህድ (ፕራይም) ቁጥሮችም ይሁን ስለ እኩልታዎች መፍትሔ፣ በኮንቲነም መላምት እርዳታ ከተረጋገጠ ያለ እርሱም ይረጋገጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጎደል ጠባብ ዓለም ኤል እና ሰፊው ዓለም ያሏቸው ሙሉ ቁጥሮች አንድ ናቸው፣ በኤል ውስጥ ደግሞ መላምቱ እውነት ነው። ስለዚህ በመላምቱ የተረጋገጠ የቁጥር ሐቅ በኤል ውስጥ ይሠራል፣ በኤል ውስጥ ከሠራም በሙሉ ዓለም ይሠራል። ይኸው ክርክር የምርጫ አክሲዮምንም ያስወግዳል። ስለ ዋህድ ቁጥሮች የምናውቀው ነገር በዚህ ምርጫ አይነካም።

የምርጫ አክሲዮምን በተመለከተ ያነሡት ነጥብ ተገቢ ነው፤ ያም በጎደልና በኮኸን ሥራ ከሌሎቹ አክሲዮሞች ነጻ መሆኑ ተረጋግጧል። ልዩነቱ በነጻነት ላይ ሳይሆን በተቀባይነት ምክንያት ላይ ነው። የምርጫ አክሲዮም «ስብስብ» ስንል ከምናስበው፣ አባላቱን የሚገልጽ ቀመር ቢኖርም ባይኖርም ስብስብ ነው ከሚለው አረዳድ ጋር በተፈጥሮው ይስማማል፤ ማንኛውም ቬክተር ስፔስ መሠረት አለው ከሚለው ጀምሮ ብዙ የዕለት ተዕለት ሒሳብም ተደግፎበታል። የኮንቲነም መላምት እንዲህ ያለ ውስጣዊ አሳማኝነት የለውም፤ በስፋት የሚደገፍበት ሕንፃም አልተሠራበትም። አንድ ማኅበረሰብ አንዱን አክሲዮም መቀበሉ ሌላውን ነጻ አባባል ሁሉ በዚያው በር አያስገባም።

ይህ ሁሉ ሲሆን መላምቱ ከሌሎች የሒሳብ ዘርፎች የተነጠለ ነገር አይደለም። ሸርፒንስኪ በ1919 ያቀረበውን አንድ ምሳሌ ለክፍልዎ እመክራለሁ፤ ማረጋገጫው በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልቃልና። መላምቱ እውነት የሚሆነው ጠለሉን ለሁለት መክፈል ሲቻልና ሲቻል ብቻ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ አግድም መስመር የመጀመሪያውን ክፍል ተቆጣሪ በሆኑ ነጥቦች ብቻ፣ እያንዳንዱ ቀጥ ያለ መስመርም ሁለተኛውን ክፍል ተቆጣሪ በሆኑ ነጥቦች ብቻ ሲያቋርጥ። መላምቱ እውነት ከሆነ ሪል ቁጥሮችን እያንዳንዱ ከፊቱ ተቆጣሪ ቀዳሚዎች ብቻ እንዲኖሩት አድርገን ማሰለፍ እንችላለን፤ በዚህ ሰልፍ አግድም ልኬቱ ቀጥ ካለው ልኬት የማይበልጥባቸውን ነጥቦች ለመጀመሪያው ክፍል፣ የቀሩትን ለሁለተኛው እንሰጣለን። በተገላቢጦሽ መላምቱ ሐሰት ሆኖ ክፍፍሉ አለ እንበል። አሌፍ-1 ቀጥ ያሉ መስመሮችን ብንመርጥ ሁለተኛውን ክፍል በድምሩ በአሌፍ-1 ቁመቶች ላይ ብቻ ይነካሉ፤ ቁመቶቹ ግን ከዚያ ስለሚበልጡ ያልተነካ አንድ ቁመት ይገኛል። በዚያ ቁመት ላይ ያለው አግድም መስመር የመረጥናቸውን ሁሉ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያገኛቸዋል፤ አሌፍ-1 ደግሞ ተቆጣሪ አይደለም፣ ስለዚህ ተጣረሰ። ኤርዶሽ በ1964 በአናሊቲክ ፋንክሽኖች ላይ ያገኘው ውጤትም የዚህ ዘመድ ነው፦ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተቆጣሪ ዋጋዎችን ብቻ የሚሰጥ የፋንክሽኖች ቤተሰብ የግድ ተቆጣሪ የሚሆነው መላምቱ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው።

ለጽሑፍዎ የምመክረው የተቆረጠ ነው። መላምቱን በመግቢያ ላይ «እንቀበላለን» ብለው አልፈው በየገጹ በዝምታ አይጠቀሙበት፤ ገምጋሚ ሊነቅፍዎት የሚገባውም በዚህ ነው። ያስፈለገበትን ቲዎረም ብቻ ለይተው አንቀጹን «የኮንቲነም መላምት ከሠራ» ብለው ይጀምሩት። ከዚያ በፊት ግን ማረጋገጫው በእርግጥ መላምቱን ይፈልግ እንደሆነ ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ከእርሱ የላላው የማርቲን አክሲዮም ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴም ምንም ተጨማሪ አያስፈልግም። ቲዎረሙ ስለ ሙሉ ቁጥሮች ከሆነ ደግሞ ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት መላምቱን ከነጭራሹ ማውጣት ይችላሉ፤ ባያወጡት ገምጋሚው ያወጣልዎታል። በተጨማሪም መላምቱ ሐሰት በሆነበት ሞዴል ውስጥ ውጤትዎ ይወድቅ ወይም ይቁም የሚለውን ለማሳየት ይሞክሩ፤ ከተሳካልዎት ጽሑፉ ሌላ ደረጃ ላይ ይወጣል። ለተማሪዎ የኢ-ንጥጥር ቁጥሮችን ምሳሌ ሰጥተው የዝግ ስብስቦቹን ማረጋገጫ ራሱ ጽፎ እንዲያመጣ ይዘዙት፤ የበርንሽታይንን ስብስብ ማሳየት ያለብዎት ያንን ካመጣ በኋላ ነው።